ሱቅ በማን እግር ይመጣል?

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው አስፋልት አዋሽ መልካሳን አልፎ ደራ ሲገባ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቋት ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጠፋ ነገር የለም። ፋርማሲው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ሻጩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሸቀጣ ሸቀጡ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ድረስ ሙዝና ቆሎ በመስኮት የሚያቀብሉ ልጆች ይራወጣሉ። አላፊ አግዳሚው ደራን የሚያውቃት በዚህ ብቻ ነው።

ከአስፋልቱ ወርዶ በአቧራው መንገድ ሃያ ደቂቃ ለተራመደ ነገሩ ይለወጣል። ግማሹ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ግማሹ ግድግዳው ቆሞ የባለቤቱን ገንዘብ ይጠብቃል። መብራት ገብቷል። ውሃ በተራ ይመጣል። ልጆች በዝተዋል። ሱቅ የለም።

ባለፈው በጋ እዚያ ሰፈር ጎጆ የቀለሰች ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማታ ወጡ ተጥዶ ሳለ ጨው አለቀ። ልጇ በባጃጅ አስፋልት ድረስ ሄዶ ጨዉን ይዞ ተመለሰ። የባጃጁ ሒሳብ ከጨዉ በለጠ። ዘመዴ አልገረማትም፤ «እዚህ ሰፈር ከሁሉም የሚወደደው ነገር የረሳሽው ነገር ነው» አለችኝና ማማሰሏን ቀጠለች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከደራ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ብትጓዝ አዳማ ናት፤ የጅምላ ንግድ መናኸሪያ። በዙሪያዋ ሽንኩርቱ፣ ስንዴው፣ ስኳሩ ይመረታል። ታዲያ ሱቅ የማይመጣው ለምንድን ነው? ማንስ ነው የሚያመጣው?

በማግስቱ ጠዋት ያየሁት ነገር ለሁለተኛው ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጠኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሰፈሩ መግቢያ የግራር ጥላ ሥር፣ አንዲት ሴት ኬሻ አነጠፈች። የሰፈሩ ልጆች «አዴ» ነው የሚሏት። ሽንኩርቱን ከማዳበሪያ ዘረገፈችና አንድ በአንድ እያገላበጠች ትለይ ጀመር። የበሰበሰውን ልጣጭ ገፍፋ፣ ደህናውን ጎን አዙራ፣ አራት አራት እያደረገች በመደብ ሠራችው። ሦስቱ ከታች፣ ትልቁ ከላይ። ቲማቲሙ አምስት አምስት። ቃሪያው በእፍኝ። ከጎኗ ደግሞ በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ጨው፣ ክብሪት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ የተሞላ ዘይት። ዘይቱን የምትሸጠው በሲኒ እየለካች ነው።

አንድ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ የአሥር ብር ኖት ጨምድዶ ይዞ መጣ።

«አዴ፣ እማዬ የአሥር ብር ሽንኩርት ስጪኝ ብላለች።»

«የአሥር ብር ሽንኩርት? ለማሽተት ነው እንዴ የኔ ጌታ?»

ሳቀች። ደግሞም ሰጠችው። አንድ መካከለኛ ራስ፣ በላዩ ላይ ከተገፈፈው ውስጥ ደህና የሆነ ግማሽ ለምርቃት። ልጁ እየሮጠ ሄደ። እዚያ ሰፈር የቆመው የመጀመሪያው መደብር ይኸው ኬሻ ነው።

ወደ አስፋልቱ ተመልሼ አንድ የማውቀውን ባለ ሱቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ለምን ቅርንጫፍ እንደማይከፍት ጠየቅሁት። የብስኩት ካርቶን ክዳን ቀደደና በእስክሪብቶ ያሰላልኝ ጀመር። እንበል፣ አለ፣ ከመቶ ብር ሽያጭ አምስት ብር ቢተርፈኝ። እንበል፣ የቤት ኪራይ በወር አምስት ሺህ። እኔና ልጆቼ የምንኖርበት አሥር ሺህ። አሥራ አምስት ሺህ ለማትረፍ በወር ሦስት መቶ ሺህ ብር መሸጥ አለብኝ፤ በቀን አሥር ሺህ። አንድ ቤት በቀን ሃምሳ ብር ቢገዛኝ ሁለት መቶ ቤት ያስፈልገኛል። «እዚያ ሁለት መቶ ቤት አለ?» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቤቱስ ሊኖር ይችላል። ግን ግማሹ ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ በአስፋልቱ ያልፋል፤ ማታ ሲመለስ ከአስፋልቱ ገዝቶ ይገባል። ለሰፈሩ ሱቅ የሚቀርለት የረሳውና የጎደለው ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ የእሱ ግምት ናቸው፤ ሒሳቡ ግን በዓለም ሁሉ ያው ነው። ዋልተር ክሪስታለር የተባለ ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 የደቡብ ጀርመን ከተሞችን አጥንቶ ባሳተመው ሥራ ያስቀመጠው ሐሳብ ይኸው ነው። ማንኛውም ሱቅ ቆሞ ለመሄድ የተወሰነ የደንበኛ ብዛት ይፈልጋል፤ ደንበኛውም ለአንድ ዕቃ ብሎ የሚራመደው ርቀት ልክ አለው። ለጨው ብዙ አይኬድም፤ ለአልጋ አዳማ ድረስ ይኬዳል። ባለ ሱቄ ክሪስታለርን አንብቦ አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ግን ደርሶበታል።

የካርቶኑን ሒሳብ ትንሽ ገልበጥ ብናደርገው ሌላ ነገር ይታያል። ኪራዩን ብንሰርዘው፣ ማለትም ሰውየው የራሱን ቤት ደጃፍ በር አውጥቶለት ቢሸጥ፣ ሁለት መቶው ቤት ወደ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ይወርዳል። ሱቁ የቤተሰቡ ብቸኛ ገቢ ባይሆን፣ ባል ሌላ ሥራ ኖሮት ሚስት በደጃፍ ብትሸጥ፣ የሚያስፈልገው ደንበኛ ከዚያም ያንሳል። ኬሻ ላይ ደግሞ ሠላሳና አርባ ቤት ይበቃል። እያንዳንዱ ሰፈር በዚህ ደረጃ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ ጉሊት፣ ከዚያ የደጃፍ ሱቅ፣ ከዚያ ኮንቴነር፣ ሰው ሲበዛ ባለ ሦስት በር ሸቀጣ ሸቀጥ፣ መጨረሻ ላይ መስታወት ያለው፣ ዋጋ የተለጠፈበት፣ ጋሪ የሚገፋበት። ሹማምንት የሚመኙት የመጨረሻውን ነው፤ የሚያባርሩት ደግሞ የመጀመሪያውን። ይህን ተቃርኖ ከደራ እስከ አዲስ አበባ ሳየው ኖሬያለሁ።

ሌላው ችግር የዕቃው መንገድ ነው። የደራ ባለ ሱቆች ሸቀጣቸውን የሚሞሉት ከአዳማ ጅምላ ነጋዴዎች ነው፤ ፓስታው በካርቶን፣ ዘይቱ በጀሪካን፣ ሳሙናው በፓኮ ሆኖ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ደራ ከደረሰ በኋላ ወደ ውስጥ ሰፈር ለመግባት እንደገና ለጋሪ ወይም ለባጃጅ ይከፈላል። በመጨረሻም ገዢው አቅም ስለሌለው ዘይቱ ከጀሪካን ወደ ሲኒ ይወርዳል። አምስት ሊትር በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰውና አምስት ሊትሩን በሲኒ በሲኒ በአንድ ወር የሚጨርስ ሰው አንድ ዘይት አይገዙም። ሁለተኛው በሊትር አብልጦ ይከፍላል።

ሽንኩርቱማ የባሰ ነው። አዋሽ መልካሳ ላይ፣ ከደራ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ባቄላችንን፣ ቲማቲማችንን፣ ሽንኩርታችንን ያሻሻለ ቤት ነው። ካወጣቸው የሽንኩርት ዝርያዎች አንዱ ስሙ «አዳማ ሬድ» ነው። በአዳማ ከተማ ስም የተጠራ ሽንኩርት! ያም ሆኖ በስምጥ ሸለቆ የሚመረተው አትክልት፣ የመቂውም የዝዋዩም፣ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ የሚሮጠው ወደ አዲስ አበባ ነው። ዋጋ የሚቆረጠውም እዚያ ነው። አትክልት ተራ ለብዙ ዘመን ፒያሳ አጠገብ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ሰሞን ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። እኛ ጋ ያለው ደላላ ግን የትም ይዛወር ጠዋት ስልክ ይደውላል፤ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይላል። በሰማው ዋጋ ላይ ተነስቶ ለአዴ ይሸጣል። አዴ በማሳው አጠገብ ተቀምጣ የምትሸጠው በአዲስ አበባ ዋጋ ነው።

ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር የሞከሩ አሉ። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ገበሬው ከደላላ ነፃ ሆኖ ምርቱን በጋራ እንዲያቀርብ የታሰበ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ እትፍሩት ነበር፤ የላይኛው አዋሽን ብርቱካን፣ የኑራ ኤራን፣ በየከተማው መሸጫ ያደርስ የነበረው መንግሥታዊ ድርጅት። በልጅነታችን ብርቱካን ማለት ኑራ ኤራ ነበር። የእትፍሩት መሸጫዎች ቀለማቸው እንኳን በሩቁ ይለይ ነበር።

እንግዲህ መንግሥት ሱቅን ወደ ሰፈር ለማምጣት ያልሞከረው መንገድ የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ትልቁ ሙከራ አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ተከትሎ የመጣው ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ። ቀበሌው ከቤት ኪራይ መሰብሰብና ከዳኝነት ሌላ ሱቅ ከፈተ። የቀበሌ ሱቅ! ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ሳሙናው፣ አቡጀዲው በካርድ። አንድ ነገር ሳይካድ፤ በዚያ ዘመን ሱቅ የሌለው የከተማ ቀበሌ ብርቅ ነበር። በሥፍራ ረገድ መንግሥት ያንን አሳክቶታል። ሱቁ ውስጥ ግን ዕቃ ስለመኖሩ ማንም ዋስትና አልሰጠም። ሰው ሌሊት ተነስቶ ወረፋ የሚይዘው በድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል። በወንጂ ዙሪያ ያደጉ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ቁጭትና ሳቅ ይፈራረቃሉ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1946 ዓ.ም. እዚያ የከፈተው የስኳር ፋብሪካ ጭሱ ከሰማዩ ይታይ ነበር፤ ደስታ ከረሜላ እዚያው ይሠራ ነበር፤ ሰዉ ግን ለሁለት ኪሎ ስኳር ካርድ ይዞ ይሰለፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነፃ ገበያው ዘመንም መንግሥት እጁን አላወጣም። በ2003 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ ሲብስ በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። የማስታውሰው ሱቆቹ በሳምንት ውስጥ እንዴት እንደተራቆቱ ነው። ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ለሚታወቅ ደንበኛ ከጀርባ ወጣ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጣሪያው ከአብዛኛው ሸቀጥ ላይ ተነሳ። ቀጥሎ በ2005 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት «አለ በጅምላ»ን አቋቋመ፤ ለቸርቻሪው በተመጣጣኝ ዋጋ በጅምላ እንዲያቀርብ። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ጥላ ሥር ከነ እትፍሩትና ከእህል ንግድ ጋር ተጠቃለለ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱም የቀበሌ ሱቅን ቦታ ወርሰው ዘይትና ስኳር ሲያከፋፍሉ ቆዩ። ማኅበሩ ዘይት የመጣ ዕለት ይሞላል፤ ዘይት ባልመጣ ዕለት ጸጥ ይላል። የቅርንጫፍ ብዛት ችግሩን አልፈታውም፤ ሱቅ በየቀኑ ካልተከፈተና በየቀኑ የሚሸጥ ነገር ከሌለው ሱቅ አይባልም።

ሥፍራን በተመለከተ ከሁሉ የተሻለውን ነገር የሠራው፣ በእኔ ግምት፣ «አርከበ ሱቅ» ነው። አርከበ ዕቁባይ ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ በየመንገዱ ዳር የተተከሉት የብረት ሱቆች ናቸው፤ ሕዝቡ በስማቸው ጠራቸው። ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲገባ ይጨናነቃሉ። በጋ ላይ ይፍማሉ። ነገር ግን ኪራያቸው አነስተኛ ስለነበር ከኬሻ ወደ በር መሸጋገሪያ ሆኑ። ከካርቶኑ ሒሳብ ላይ ኪራዩን ያቃለለ ፖሊሲ ማለት ይኼ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን ተቃራኒውን አደረጉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ምድር ቤቱን ለንግድ ተወው። በጎ ሐሳብ ነበር። ችግሩ የንግድ ቤቶቹ በጨረታ መሸጣቸው ላይ ነው። ጨረታ ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠ ነው፤ ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ ሽሮና በርበሬ ሻጩ አይደለም። አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈር የገባ ሰው የሚያየውን ያውቃል፤ ባንክ፣ ሥጋ ቤት፣ ግሮሰሪ (ቢራ የሚጠጣበቱን ማለቴ ነው)፣ ባዶውን የተዘጋ ሮሊንግ ሹተር። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እናት ሽንኩርት የምትገዛው በብሎኮቹ መካከል ኬሻ ካነጠፈችው ሴት ነው። ቆየት ብሎ ደንብ አስከባሪ ይመጣና ኬሻው ይጠቀለላል፤ ሲሄድ ይነጠፋል። ድራማው በየቀኑ ነው። ሻጮቹ ፊሽካ ሲሰሙ አራቱን የኬሻ ጫፍ በአንድ እጅ ሰብስበው የሚሮጡበት ፍጥነት ያስገርማል።

በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የእሁድ ገበያ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ወደድኩት ማለት እችላለሁ። አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። አንድ አደባባይ ይዘጋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዩኒየኖችና አምራቾች በመኪና ይመጣሉ፣ ደላላው በመካከል አይኖርም፣ ኪራይ የለም። በሳምንት አንድ ቀን ኪራዩም ደላላውም ከሒሳቡ ይሰረዛሉ ማለት ነው። ጉድለቱም ከስሙ ይጀምራል። የሳምንት አስቤዛ በአንድ ቀን መግዛት የሚችል ደመወዝተኛ ይጠቀምበታል። በየቀኑ ሠርቶ በየቀኑ የሚገዛው የቀን ሠራተኛ ግን እሁድ ኪሱ ውስጥ የሰኞ ገንዘብ የለውም። ለእሱ የሚሆነው ሱቅ አጠገቡ ያለ፣ በትንሽ በትንሹ የሚሸጥ፣ ሲያጣ ደግሞ የሚያበድር ነው።

ዱቤ። ነገሩ እዚህ ጋ ይመጣል። ባለ ሱቄ ከካርቶኑ ሒሳብ በኋላ ከባንኮኒው ሥር አንድ ጫፉ የተበላ ደብተር አወጣ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ቤት ነው። ስም የለም፤ «የበረኛው ሚስት»፣ «ባለ ቀዩ በር»፣ «አስተማሪው»፣ «የሰናይት እናት»። ከሥሩ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ካርድ። ወር ሲደርስ ይሰረዛል። የማይሰረዙ ገጾች አሉ። አንዱን ገልጦ አሳየኝ፤ ሰውየው ከነቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ገጹ እንዳለ ቀርቷል። ገጹን ግን አልቀደደውም። «ይመጣል» አለኝ፤ ያመነበት አይመስልም።

ከውጭ የሚመጣ ሱቅ ይህን ደብተር መያዝ አይችልም። ዱቤ የሚሰጠው ሰውን የሚያውቅ ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ አብሮ የኖረ ነው። ለዚህ ነው በከተሞቻችን የሱቅ ንግድ በዝምድና የተስፋፋው። ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጣ ልጅ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ሥር እየተኛ ይሠራል፤ ዕቃ መለየት፣ ሒሳብ መያዝ፣ ማንን ማመን እንዳለበት ይማራል። ዕቁብ ሲደርሰው፣ ወይም አጎቱ ለመጀመሪያ ዕቃ በዱቤ ሲያወጣለት፣ የራሱን ሱቅ አዲስ ሰፈር ላይ ይከፍታል። የኢትዮጵያ ከተሞች ሱቅ የተባዛው እንዲህ ነው፤ ያለ ባንክ፣ ያለ ጥናት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ በስልክ አነስተኛ ብድር ይገኛል፤ ጉሊት ነጋዴዎችም ክፍያ ይቀበሉበታል። ደብተሩን ግን ገና አልተካውም። ቴሌብር የበረኛውን ሚስት ወር እስኪደርስ በሳቅ አይጠብቃትም።

ደብተሩ ሲከብድ ምን እንደሚሆን ያየነው በሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር ያለው ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ባለ ሱቁ ትናንት በሸጠበት ዋጋ ዛሬ መሙላት አልቻለም። በዱቤ የወጣው ዘይት በአሮጌው ዋጋ ተመዝግቧል፤ የሚገባው ዘይት አዲስ ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ዱቤ አቆሙ። ያላቆሙት ዕቃ ቀነሱ። ከዚያ በፊት፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተጣለው የቀን ገቢ ግምት በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆችን ለቀናት አዘግቶ ነበር። ገማቾቹ ሱቁ ውስጥ ያዩትን ዕቃ እንጂ ደብተሩን አልቆጠሩም። ባለ ሱቁ ግን ሀብቱ ግማሹ መደርደሪያው ላይ፣ ግማሹ ሰው ጉሮሮ ውስጥ እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ባሕር ማዶ ስናይ ሀብታሙም አገር ይኸው ነገር አስቸግሮታል። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ሂል ዲስትሪክት የሚባል፣ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር የሆነ ሰፈር አለ። ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ሱፐርማርኬት አልነበረውም። ነዋሪው ጮኸ፣ ከተማውና በጎ አድራጊዎች ገንዘብ አዋጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሱፐርማርኬት ተከፈተ። ሪባን ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ጥናት ደግሞ አዲስ ሱፐርማርኬት ድሃ ሰፈር ሲከፈት ሰዉ የሚበላው ነገር እምብዛም እንደማይለወጥ አሳየ፤ በሀብታምና በድሃ መካከል ካለው የአመጋገብ ልዩነት ውስጥ ከሱቅ ቅርበትና ከዋጋ የሚመነጨው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው አለ። ይህን የማነሳው ሱቅ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ዘመዴ ለጨው ባጃጅ ስትከፍል አይቻለሁ። ግን ከላይ የወረደ ትልቅ ሱቅ ከታች የሚያቆመው ነገር ካላገኘ መውደቁ አይቀርም።

እኛ ጋ ያለው ወሬ ደግሞ ስለ ትልቁ ሱቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለዘመናት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተጠብቆ የኖረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የፈረንሳዩ የችርቻሮ ኩባንያ ካርፉር ከሚድሮክ ጋር ተስማምቶ የኩዊንስ ሱፐርማርኬቶችን በስሙ ሊያስጠራ መሆኑ ተሰማ። በዚህ አልከፋም። ከአምራች በቀጥታ የሚገዛ፣ ማቀዝቀዣ ያለው፣ ቲማቲም ሳይበሰብስ የሚያደርስ ድርጅት ከመጣ ሰንሰለቱ ያጥራል። አዳማም ከፈጣን መንገዱና ከባቡሩ ጋር ቀድማ የምትደርሳቸው ከተማ ትሆን ይሆናል። ደራ ግን? ከአስፋልቱ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬደው ሰፈር? ካርፉር ደብተር የለውም። ዘይት በሲኒ አይለካም።

ለእኔ የሚታየኝ ሥራ ከዚያ ያነሰና ከዚያ የቀረበ ነው። አዲስ ሰፈር ሲሸነሸን ለቤት፣ ለመንገድ፣ ለአምልኮ ቦታ ይተዋል። ለጉሊትም ይተው፤ ጥላ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ። ደንብ አስከባሪው ፊሽካውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት የተሰመረ ቦታ ይኑር። የምድር ቤት ሱቅ በጨረታ ከሚቸበቸብ ጥቂቱ እንኳ በአነስተኛ ኪራይ ለዕለት ፍጆታ ነጋዴ ይቀመጥ። ማኅበሩም ዘይት ለሸማች በወረፋ ከሚያድል ለጉሊቷና ለደጃፍ ሱቁ በጅምላ ዋጋ ይስጥ፤ አዳማ ድረስ ለአንድ ጀሪካን ከመሄድ ያድናቸዋል። ከዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቀው ኬሻዋን የነገ ሱቅ አድርጎ የሚያይ ዓይን ነው፤ እሱን ነው ያጣሁት።

ከወራት በኋላ ወደ ዘመዴ ሰፈር ተመለስኩ። ከግራሩ አጠገብ አንድ ሰማያዊ ኮንቴነር ቆሟል፤ መስኮቱ ተቆርጦ ወደ ላይ ይከፈታል። ውስጡ አንድ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። ለምን እዚህ እንደመጣ ጠየቅሁት።

«እሷ ጋ ስንት ሰው እንደሚቆም ሁለት ሳምንት ቆጠርኩ» አለኝ፣ በአገጩ ወደ አዴ እያመለከተ። ጠዋት ጠዋት ከግራሩ ማዶ ቆሞ በስልኩ ላይ ጭረት እያደረገ ነው የቆጠረው። ስልሳ አራት ቤት። ለሱፐርማርኬት ገና ነው፤ ለኮንቴነር ግን በቃ።

አዴ ግን አልተነሳችም። ኬሻዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሏል፤ የኮንቴነሩ ጥላ ከሰዓት ላይ እንዲያገኛት። ጨውና ክብሪት ከፊቷ የለም፤ ዘይቱም የለም።

«እነሱን ለእሱ ለቀቅሁለት» አለችኝ ቲማቲም እያስተካከለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ልጁም እንዲሰማ፦ «ሽንኩርት እንዳያመጣ ብቻ።»

«አላመጣም፣ አዴ።»

«ቃሪያም።»

«ቃሪያስ ላስብበት» አለ ልጁ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። አንዲት ሴት ልጅ የሃምሳ ብር ኖት ይዛ በሁለቱ መካከል ቆማ፣ እናቷ ያዘዘቻት የትኛው ጋ እንደሆነ ግራ ገብቷት ታያቸው ነበር።